ንቡ አለ፣ ቀፎው የለም

በዐቢይ ጾም አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ የቅኔ ጉባኤ ቤት፣ የኔታ ሄድፎኔን አጥልቀው በገና ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጄ፣ ንቡ አለ፤ ቀፎው ግን የለም» አሉኝ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለ ጆሮ ማዳመጫ ጥራት ያነበብኩትንም ሆነ ሱቅ ውስጥ ሲወራ የሰማሁትን ሁሉ በእርሱ እመዝነዋለሁ።

ሥራዬ የተቀረጸ ድምፅ እየሰሙ መጻፍ ነው። የሽማግሌዎች ትረካ፣ የእርቅ ንግግር፣ ሙሾ፣ ፉከራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅኔ እጽፋለሁ። ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባፈራው ጎጃም መምህራኑ በየዕለቱ የሚዘርፉት ቅኔ አብዛኛው ወረቀት ሳይነካው ያልፋል፤ ተነግሮ፣ ተደንቆ፣ በሰሚው ልብ ብቻ ይቀራል። እኔ ከዚያ ጥቂቱን በትንሽ መቅረጫ ይዤ ቤቴ እገባና፣ ጆሮዬን ዘግቼ፣ በቃል የተነገረውን በፊደል አሰፍራለሁ። ሄድፎን ከጧት እስከ ማታ ራሴ ላይ የሚውል የእንጀራዬ መሣሪያ ነው።

የኔታ ዘንድ የሄድኩት መወድስ ከሚባለው የቅኔ ዓይነት በአንዱ ውስጥ ያልጠራልኝን ሐረግ ልጠይቃቸው ነበር። ሐረጉን ደግመው ነገሩኝ፤ ሰሙን ገልጠው ወርቁንም አሳዩኝ። ከዚያ መሣሪያው ስላስገረማቸው «እስኪ ሌላም ካለሽ አሰሚኝ» አሉ። ቢቸና አካባቢ አንድ አባት ሲደረድሩ የቀረጽኩት በገና ነበረኝና ከፈትኩላቸው። ካሉኝ ቅጂዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። ከበግ አንጀት የተፈተሉት ወፍራም አውታሮች ሲነኩ፣ በአውታሩና አውታሩን በሚደግፈው በርኩማ መካከል የገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ ያንን የታወቀ ንዝረት ያወጣሉ፤ ከሥር ደግሞ የድምፅ ሣጥኑ፣ ገበቴው፣ በጥልቅ ድምፅ ያጉተመትማል። እኔ ስሰማው ሁለቱም ነበሩ። የኔታ የደረሳቸው የእንዚራው ንዝረት ብቻ ነው።

## መጣ፣ ሄደ

ምክንያቱን ለማግኘት በሐሳቤ ወዲያና ወዲህ አልኩ። ዕድሜ እንዳልል፣ ዕድሜ ከጆሮ ቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ እርሳቸው ቀጭኑን እየሰሙ ያጡት ወፍራሙን ነው። ቅጂው እንዳልል፣ ትንሽ ቀደም ብዬ ራሴ ሰምቼዋለሁ። መሣሪያው እንዳልል፣ ያው አንዱ መሣሪያ ነው፤ ከእኔ ራስ ወርዶ ወደ እርሳቸው ራስ ከመሄዱ በቀር የተለወጠ ነገር የለም።

መልሱን ያገኙት የኔታ ናቸው፤ ያውም በእጃቸው። ጥምጥማቸው በሁለቱም በኩል ወረድ ብሎ የጆሮአቸውን የላይኛውን ጫፍ ሸፍኗል፤ የማዳመጫው ትራስ ግማሹ ያረፈው በጨርቁ ላይ ነው። ያውልቁት ብዬ መጠየቅ የማይታሰብ ስለሆነ እኔ አላነሣሁትም። እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሚያመልጣቸውን ድምፅ ለመያዝ ብለው፣ ሁለቱን መዳፎቻቸውን አነሡና ማዳመጫውን ከግራና ከቀኝ ጫን አደረጉት። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «መጣ!» አሉ። መዳፋቸውን አላሉ። «ሄደ።» እንደገና ጫኑ፤ «መጣ።» ለቀቁ፤ «ሄደ።» ደጅ ቆሞ የነበረ አንድ ደበሎ ለባሽ ተማሪ ነገሩ ግር ብሎት አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ።

የኔታ አልቸኮሉም። ተማሪ የሚነግራቸውን ቅኔ ቤት በቤት እንደሚያዩት የማውቃቸው ሰው ናቸው፤ ይህንንም እንዲያው አዩት። የቀኙን ብቻ ጫኑ፣ የግራውን ብቻ ጫኑ፣ ወደ ፊት ገፉት፣ ወደ ኋላ ሳቡት። በቀኝ በኩል ጥምጥሙ ወፈር ይላል፤ በዚያ በኩል ገበቴው ፈጽሞ ጠፍቷል። በግራ በኩል ጥቂት ቀርቷል። በመጨረሻም ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ጠየቁኝ፦ «ታዲያ ልጄ፣ ሰው ይህን ሲሰማ የሚውለው እጁን በጆሮው ላይ አድርጎ ነው?»

ያን ዕለት መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ጥያቄውን ይዤው ተመለስኩ። ሰዎች ስለ ሄድፎን ሲያወሩ ምቾትን ለብቻ፣ የድምፅ ጥራትን ለብቻ ያስቀምጣሉ። ለእያንዳንዱም የየራሱን ነጥብ ይሰጣሉ፤ «ድምፁ ግሩም ነው፣ ትንሽ ያጠብቃል እንጂ» ይላሉ። በየኔታ መዳፍ ሥር ግን ሁለቱ ሊነጣጠሉ አልቻሉም። ድምፁ ሙሉ የሚሆነው ሲጫን ነው፤ ሲጫን ደግሞ ሰው አይውልበትም። ታዲያ የዚያ ዕቃ ድምፅ የትኛው ነው? በመዳፍ ተይዞ የሚሰማው ወይስ ሰው እጁን ለሥራው ሲያወርድ የሚቀረው? እኔ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። በማዳመጫው ውስጥ ያለው ትንሽ ስፒከር ማግኔት፣ የሽቦ ጥቅልና ስስ ሽፋን ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ በሚያቅፉት ዓይነቶች የስፒከሩ ስፋት ብዙውን ጊዜ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚነዝረውን ነው። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ በአየር ውስጥ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ያችን የምታህል ሽፋን ይህን የመሰለ ሞገድ በክፍል ውስጥ የማሰማት ዐቅም የላትም። የምታሰማው በትራሱና በጆሮው መካከል የታሰረችውን ጥቂት አየር እየገፋችና እየሳበች ነው። አየሩ እንደታሰረ ከቆየ ግፊቱ ታምቡር ይደርሳል፤ ቀዳዳ ካገኘ ግን በዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ቀጭኑን ድምፅ ቀዳዳው ብዙም አይጎዳውም፤ በቀጥታ ተጉዞ ይገባል። እንዚራው ቀርቶ ገበቴው የጠፋው ለዚህ ነው።

ጥምጥም ብቻውን አይደለም። የመነጽር እጀታ ቀዳዳ ይከፍታል። በጆሮ ዙሪያ የወረደ የሹሩባ ጉንጉን ቀዳዳ ይከፍታል። ከራስ ላይ የተጣለ ነጠላ በትራሱ ሥር ከገባ እንዲሁ። እኔ መነጽር አደርጋለሁ፤ ለዓመት በዓል ሹሩባ እሠራለሁ፤ ብርድ ሲሆን ነጠላዬን እከናነባለሁ። የሄድፎን ድምፅ በመለኪያ ሲለካ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠለቀው ፀጉርም መነጽርም ጨርቅም በሌለው ሰው ሠራሽ ራስ ላይ ነው። ያ ልኬት ሐሰት አይደለም። የእኔም፣ የየኔታም፣ የእናቴም ራስ ግን አይደለም።

## የማታ ጆሮ

ማታ የምጽፈው ገጽ ጧት ከምጽፈው ጋር እኩል አይወጣም። ድካም ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ድካምም አለበት። ከየኔታ ከተመለስኩ በኋላ ግን ቀኑ ሲገፋ በጆሮዬ ላይ የሚሆነውን በዝርዝር መከታተል ጀመርኩ።

ጧት ማዳመጫው ሲጠለቅ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ትራሱ ለስላሳ ነው፤ ሁለቱን ጎን የሚያያይዘው ቅስት ራስ ላይ መኖሩ አይታወቅም። ጥቂት ቆይቶ የመነጽሬ እጀታ፣ በትራሱና ከጆሮዬ ኋላ ባለው አጥንት መካከል ተይዞ፣ መጫን ይጀምራል። እጄ ሳላዘው ይነሣል፤ ትራሱን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያደርገዋል። ባነሣሁት ቁጥር አየሩ ያመልጣል፤ የድምፁ ሥር ይላላል፤ ቀጭኑ ለብቻው ጎልቶ ይወጣና ጆሮ ያደክማል። ያጣሁትን ለመመለስ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ከፍ ሲል የሚጨምረው ግን ያው ያለው ነው፤ የጠፋው አይመለስም። እንዲህ እያለ፣ እኩለ ቀን ላይ የጀመረ የአጥንት ሕመም አመሻሽ ላይ የድምፅ ጉድለት ሆኖ ይገኛል።

ጆሮን ሳያቅፉ ጆሮ ላይ የሚያርፉት ትንንሾቹ ዓይነቶች በዚህ ረገድ ይከፋሉ። እነርሱ የጆሮን ለጋ አጥንት በቀጥታ ስለሚጫኑ ለመንገድ እንጂ ለውሎ አይሆኑም። የሚያቅፉትም ቢሆኑ ሁሉም አንድ አይደሉም። የአንዳንዱ ቀለበት ከውጭ ሲታይ ሰፊ ይመስላል፤ ከውስጥ ጥልቀት ስለሌለው የጆሮ ጫፍ ከስፒከሩ መሸፈኛ ጋር ይነካካል። መጀመሪያ ላይ የማይሰማ ንክኪ ነው። ሰዓታት ሲያልፉ ከእርሱ ሌላ የሚታሰብ ነገር አይኖርም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ዴሲቤል ከደረሰ ወሰኑ በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ 10 ዴሲቤል መጨመር የድምፁን ኃይል ዐሥር እጥፍ ማድረግ ነውና። በመዝናኛ ሰዓቱ ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ የሩቅ ቁጥር ሊመስል ይችላል። ቀኑን ሙሉ በጆሮው ለሚሠራ ሰው ግን፣ ትራሱ ስላልገጠመ ብቻ ድምፁን ከፍ ማድረግ የሳምንቱን ጆሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጨረስ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በደብረ ማርቆስ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መነጋገርም ይቸግራል። በደንብ የሚገጥም ትራስ ያንን ዝናብ ስለሚያርቀው ዝቅ ባለ ድምፅ መሥራት ይቻላል፤ የማይገጥመው ከዝናቡ ጋር ያፎካክራል።

ቅኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጉድለት የሚታገሥ ነገር አይደለም። በግዕዙ ንባብ አራቱን የአነባበብ ስልቶች፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ መለየት አለብኝ። አንድ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ምሥጢሩ ሌላ ይሆናል፤ ባለቅኔው ወርቁን የደበቀው እዚያችው ላይ ሊሆን ይችላል። «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» የሚለየው ፍንዳታ እጅግ አጭር ነው። «ሰ» እና «ፈ» ደግሞ በስልክ ሲነገሩ ለምን እንደሚምታቱ ሁላችንም ሳናውቀው እናውቃለን፤ የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ የሚነዝረውን ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚለየው ብዙው ነገር ከዚያ በላይ ይቀራል። ስለዚህ ገበያ ላይ «ቤዝ አለው» እየተባሉ የሚሞገሱት ማዳመጫዎች ለእኔ ሥራ ብዙም አይረዱም፤ ወፍራሙ አብጦ የተናጋሪውን ፊደል ይሸፍነዋል። የምፈልገው ከላይም ከታችም ሳያጓድል የሚያደርሰውን፣ ያንንም ማታ ድረስ የሚያደርሰውን ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። በጉባኤ ቤት አንድ ተማሪ ቃል ቢስት የኔታ ወዲያው ያቀኑታል። ወረቀት ላይ የተሳተ ፊደል ግን ባለቅኔው ካለፉ በኋላ ማንም አያቀናውም፤ እንዲያውም ሌላው ሰው ተጽፎ አገኘሁት ብሎ ይጠቅሰዋል። ከጆሮ ኋላ ስላለች ትንሽ አጥንት ይህን ያህል የምጨነቀው ለዚህ ነው።

## ክብደት፣ ሙቀት፣ መንገድ

በመጫንና በማላላት መካከል ያለው ትግል ከዕቃው ጋር አብሮ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ናትናኤል ባልድዊን የተባለ ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ ሆኖ የሠራውን ማዳመጫ ለአገሩ ባሕር ኃይል አቀረበ። መነሻ የሆነው በቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ጥርት ብሎ አልሰማው ስላለ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ታሪክ ሳነብ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡት ትዝ ብሎኝ ልቤ ተነካ። ከዚያ በ1937 የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ዲቲ 48 የተባለውን ማዳመጫ ሠራ፤ በ1958 ጆን ኮስ የስቴሪዮ ሙዚቃ ማዳመጫ አወጣ። በ1968 የመጣው የዜንሃይዘር ኤችዲ 414 ጀርባው ክፍት፣ ትራሱ ስፖንጅ፣ ክብደቱ ቀላል ነበር። ጀርባቸው ክፍት የሆኑት ለራስ የሚመቹና ድምፃቸውም ሰፋ ያለ ነው፤ ነገር ግን የውስጡን ወደ ውጭ፣ የውጩን ወደ ውስጥ ያሳልፋሉ። ልጆች በሚጫወቱበት፣ ቡና በሚወቀጥበት ቤት ለሚሠራ ሰው አይሆኑም።

ክብደታቸው ይለያያል። በስቱዲዮዎች ውስጥ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የሶኒ ኤምዲአር 7506 ያለ ገመዱ 230 ግራም ነው። የዚያው ኩባንያ ገመድ አልባ ደብልዩኤች 1000ኤክስኤም4 254 ግራም ሲሆን፣ የአፕሉ ኤርፖድስ ማክስ ወደ 385 ግራም ይጠጋል። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲያነሡት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንገትን ደፍቶ ደብተር ላይ ለሚጽፍ ሰው ግን እያንዳንዱ ግራም ወደ ፊት ይጎትታል። ደግሞ ክብደት ብቻውን አይፈርድም፤ የሚያርፍበት ስፋትም አለ። ሹሩባ በተሠራሁ ሰሞን ቅስቱ በጉንጉኖቹ ጀርባ ላይ ስለሚቀመጥ ሸክሙ ሁሉ በጥቂት መስመሮች ላይ ይሰበሰባል፤ በሌላ ጊዜ የማይሰማኝ ማዳመጫ ያን ጊዜ የራስ ቅሌን ያመኛል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ሲወረድ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ወበቅ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በሰው ሠራሽ ቆዳ የተሸፈነው ትራስ ደጀን ላይ ያሞቅ ነበር፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ላብ ቋጥሮ ከጆሮ ጋር ይጣበቃል። በከፋይ ጨርቅ የተሸፈነው አየር ስለሚያስተላልፍ ይሻላል፤ ግን ያው የሚያስተላልፈው አየር ከድምፁ ሥር ጥቂት ይዞ ይሄዳል። ጩኸት የሚቀንሱት ገመድ አልባዎቹ በአውቶቡስ ላይ በእርግጥ ያግዛሉ። ማይክሮፎናቸው የሞተሩን ጉምጉምታ ይሰማና ተቃራኒውን ሞገድ ሠርተው ያጠፉታል፤ የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ወደዚህ ሐሳብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 በአውሮፕላን ሲጓዝ ነው። ወጥ በሆነ ወፍራም ድምፅ ላይ ይበረታሉ፤ የረዳቱን ጥሪና የተሳፋሪውን ወሬ ግን ብዙም አያስቀሩም። እነርሱም ቢሆኑ ትራሱ ካልገጠመ ይደክማሉ።

## ሱቅ ውስጥ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሐሜት እንደሆነ አውቃለሁ። ሄድፎን ልገዛ ስሄድ ግን ትዝ ይለኛል፤ ሰው የጫማውን ቁጥር እንጂ የጆሮውን ስፋትና ጥልቀት ማን ያውቃል? ባለ ሱቁ «ኦርጅናል ነው» ይልና ከፍ ባለ ድምፅ ዘፈን ይከፍታል። ገዢው ቆሞ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ለጥቂት ጊዜ ሰምቶ ይከፍላል። በዚያች ጊዜ ውስጥ የማይመች ማዳመጫ የለም።

እኔ አሁን የምሄደው ድምፁን በደንብ የማውቀውን ቅጂ በስልኬ ይዤ ነው፤ የሰው ንግግር አንድ፣ በገና አንድ። መነጽሬን አላወልቅም፤ ነጠላዬንም እንዳለ እተወዋለሁ። መቀመጫ ካለ እቀመጣለሁ፤ ለመጻፍ እንደማጎነብሰው አጎንብሼ ይንሸራተት እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ የኔታ ያደረጉትን አደርጋለሁ፦ በገናውን ከፍቼ በመዳፌ ጫን፣ ላላ። ሲጫንና ሲላላ ድምፁ እምብዛም ካልተለወጠ ትራሱ ከራሴ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ብዙ ከተለወጠ የቱንም ያህል ዝነኛ ስም ቢኖረው አልወስደውም። ጀርባቸው ለተዘጋ ማዳመጫዎች ከዚህ የተሻለ ፈተና አላገኘሁም፤ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም።

ስልክ ላይ ሰክቶ ለመስማት የሚገዛ ሰው የኦሙን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋሚያውን፣ ቁጥርም ቢያይ ይጠቀማል። ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የሚባለው፣ ለምሳሌ፣ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይመጣል። መልካቸው ተመሳሳይ ነው፤ ባለ 250ው ግን ያለ ማጉያ በስልክ ብቻ ሲሰማ ድምፁ ያንሳል። ያን ጊዜ ሰው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ያዝናል።

## የበግ ሌጦ

የምሠራበት ማዳመጫ ትራስ ሰው ሠራሽ ቆዳው መፈርፈር ሲጀምር ጥቁር ቅርፊቱ በነጠላዬ ላይ መታየት ጀመረ። ለዚያ ዓይነት የሚሆን መለዋወጫ ከተማው ውስጥ አልተገኘም። በትራስ ምክንያት ደህናውን ስፒከር መጣል ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ አሮጌውን ትራስ ይዤ ወደ አንድ ጫማ ሰፊ ሄድኩ።

የደጋው የኢትዮጵያ በግ ሌጦ በስስነቱና በጥንካሬው በውጭ አገር ለጓንት የሚፈለግ ነው። ለእጅ ጣት የሚስማማ ቆዳ ለጆሮ የማይስማማበት ምክንያት አልታየኝም። ጫማ ሰፊው አሮጌውን ትራስ ገልብጦ ስፌቱን ፈታ፤ ልኩን በወረቀት ላይ አነሣ። ከዚያ ቀና ብሎ ሲያየኝ የጠየቀኝ ጥያቄ አስገረመኝ፦ «እህቴ፣ መነጽርሽ የሚያልፈው በየት በኩል ነው?» ምልክት አደረገበት። በዚያ ቦታ ላይ ስፖንጁን ሳሳ አድርጎ፣ ቆዳውን ላላ አድርጎ ሰፋው። ስለ ድምፅ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ እርሱ የሚያውቀው እግር የት ላይ እንደሚቆስል ነው። ያ ዕውቀት ግን ለጆሮዬ በቀጥታ ደረሰ።

የመጀመሪያው ጥንድ ደረቅ ስለነበረ ለመለስለስ ጊዜ ወሰደ። ከለሰለሰ በኋላ ግን የመነጽሬ እጀታ በቆዳው ውስጥ ሰምጦ ሲያልፍ፣ ሌላው ዙሪያ ከፊቴ ጋር ገጠመ። ቅስቱን እንኳ ትንሽ አላላሁት። የበገናው ሥር ሳልጫን መጣ፤ ማታም ሲሆን እዚያው ነበር። አዲሱ ትራስ ከድሮው ስለሚወፍር ስፒከሩ ከጆሮዬ ራቅ ብሏል፤ ስለዚህ ቀጭኑ ድምፅ በጥቂቱ ለዝቧል። ለሙዚቃ ደስ ይላል። ለ«ሰ» እና ለ«ፈ» ግን ትንሽ ይቀረዋል፤ ስፖንጁ መሳሳት አለበት። ትራስ የስፒከሩ አካል መሆኑን ማንም ቢነግረኝ እንደዚህ አይገባኝም ነበር።

ይህንኑ ወደ የኔታ ይዤው ሄጄ ነበር። በግራ በኩል ገጠመ፤ በቀኝ በኩል፣ ጥምጥሙ በሚወፍርበት፣ አሁንም ክፍተት አለ። ጥምጥሙን ከጆሮአቸው በላይ ከፍ አድርገው ቢያስሩት ምን እንደሚሉ በፈራ ተባ ጠየቅኋቸው። «ጥምጥሜ አይለወጥም፤ ዕቃሽን ለውጪ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ራስ ለማዳመጫ የሚስተካከልበት ምክንያት የለም፤ ለመነጽርም፣ ለሹሩባም፣ ለነጠላም ያው ነው። ትራስን በተለያየ ውፍረትና ቅርጽ አድርጎ መሸጥ ለአምራቾቹ ከባድ ነገር እንዳልሆነ ጫማ ሰፊው ጋ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ እያንዳንዱ ማዳመጫ በቀላሉ የሚወልቅና የሚተካ ትራስ እንዲኖረው መጠየቅም ከልክ ያለፈ ነገር አይደለም።

አሁን ጫማ ሰፊው ዘንድ ያለው ጥንድ ከላይ ወፈር፣ ከታች ሳሳ ያለ ነው። ቀኝና ግራው አንድ አይደለም፤ የቀኙ ለጥምጥሙ እንዲሆን ጥልቅ ሆኗል። ስፖንጁን ያገኘሁት ከአሮጌ ሶፋ ላይ ነው፤ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚመለሰውን ለስላሳ ዓይነት እስካሁን አላገኘሁም። የውጩን ፊት በበግ ሌጦ፣ ከጆሮ ጋር የሚነካካውን ጠርዝ በከፋይ እንዲሠራው ተስማምተናል። ክረምቱ ሳይገባ አደርስልሻለሁ ብሎኛል።